ሰምተናል ያላለ ቤት

ሰርዋ ኮናዱ መልእክቱ ሲደርሳት ኩማሲ ከተማ ገበያ ውስጥ፣ አክስቷ የጨርቅ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። የላከው በኤጂሱ መንገድ ያለው፣ ባለፈው ሳምንት ለሥራ የፈተናት ሳሙና ፋብሪካ ነው። «የቅመማ ክፍሉን ኃላፊነት ላንቺ ሰጥተናል፤ ምን ትያለሽ?» ይላል። ኬሚስትሪ ተምራ ከጨረሰች ወዲህ ጨርቅ ስትዘረጋና ስታጥፍ የከረመች ልጅ ምን ትላለች? ጣቷ «እሺ» ብሎ ሊጽፍ ተንደረደረ።

«ተይ!» አላት የእናቷ ወንድም፣ ዎፋ ባዱ፣ ከጎኗ ተቀምጦ ኬንኬውን፣ የበቆሎ ሊጥ ቅቅሉን፣ በበርበሬ እያጠቀሰ። በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ የሙሽራዋን ወገን ወክሎ የሚናገረው እሱ ነው፤ አንደበቱ እንደ ቅቤ ነው ይባልለታል።

«ምነው ዎፋ?»

«የወንድ ወገን መጠጥ ይዞ ልጃችንን ሊጠይቅ ደጃችንን ቢያንኳኳ፣ የዚያኑ ቀን እሺ እንላለን?»

«አንልም።»

«ለምን?»

«ልጅቱ ቤት አስቸግራቸዋለች ይባላላ።»

«እኮ! ይሄስ በምን ይለያል? ያንኳኩት እነሱ ናቸው። ያንኳኳ ሰው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ዝም በይ። ዛሬ ተንሰፍስፈሽ እሺ ካልሽ፣ ዕድሜ ልክሽን እንደተንሰፈሰፍሽ ትኖሪያለሽ።»

ሰርዋን አሳድጎ ያስተማራት ይኸው ሰው ነው። ቃሉን መርገጥ አልሆነላትም። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ልቧም እዚያው አብሮ ቀረ።

መሸ፣ ነጋ። ደግሞ መሸ። ደንበኛ ሁለት ያርድ ስትጠይቃት አራት ቀደደች። አክስቷ ብትቆጣት አልሰማችም። ሌሊት በጉልበቷ ሆና «ጌታዬ፣ ሥራውን ሰጥተኸኛል፤ አሁን ደግሞ ዎፋን አንድ በልልኝ» አለች። እግዜር መልስ ቢያዘገይ ማን ይቀድመዋል? እሷን ግን የሚቀድማት ሞልቷል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። የፋብሪካው ባለቤት፣ ማዳም ዱፊ ናቸው።

«አላልኩሽም? ተመለሱ!» አለ እንደ ልማዱ መደቡ ላይ ኬንኬውን የሚበላው ዎፋ ባዱ። «ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ ልስማ!»

«ልጄ» አሉ ማዳም ዱፊ፣ «ዝምታሽን እምቢታ አድርጌ ወስጄዋለሁ። ሌላ ልጅ ቀትር ላይ ትመጣለች። የደወልኩት እንደው በሕይወት መኖርሽን ልወቅ ብዬ ነው።»

ዎፋ ባዱ ስልኩን ነጠቃት። «እመቤቴ! እኛ እኮ እስክትመለሱ እየጠበቅን ነው! ካንኳኳችሁ በኋላ በወጉ…»

«ማነህ አንተ?»

«አጎቷ ነኝ።»

«በል ንገረኝ አጎት፤ ደጅህን ያንኳኳ ሰው መጠጡን ሲያስቀምጥ ምን ብለህ ነው የምትሸኘው?»

ዎፋ ባዱ መልሱ አልጠፋውም። ስንት ደጅ ላይ፣ ስንት ጊዜ የተናገረው ቃል ነው! «‹ሰምተናል፤ ልጅቷን እንጠይቃትና ተመለሱ› እንላለን» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ እኔን ማን ሰምተናል አለኝ? ደጅ አቁማችሁኝ ገብታችሁ ተኛችሁ እኮ! ጊዜ ብትጠይቁኝ እሰጣችሁ ነበር። ጊዜ መውሰድ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳይናገሩ መውሰድ ነው። ለዚያችኛዋ ገና ቃል አልሰጠኋትም። ቀትር ሳይሆን ድረሱ።»

ዎፋ ባዱ ኬንኬውን ጥሎ ተነሣ። መንገድ ላይ አንድ ጠርሙስ ጂን ገዛ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፎ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሰርዋ አጎቷን እንዲህ ዝም ብሎ አይታው አታውቅም፤ አሳዘናት።

ፋብሪካው ሲደርሱ ያችኛዋ ልጅ ደጁ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ማዳም ዱፊ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ዎፋ ባዱ ግን ጠርሙሱን አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ሠርግ ቀን ቆመ።

«ሰርዋ ኮናዱ!»

«አቤት።»

«እኚህ እመቤት ደጃችንን አንኳኩተዋል። መጠጣቸውን…»

«እሺ!»

«አልጨረስኩም እኮ! መጠጣቸውን እንቀበል ወይ?»

«መጠጡን ያመጣኸው አንተ ነህ» አሉ ማዳም ዱፊ።

«ወጉ ነው እመቤቴ፣ ወጉ! ሰርዋ፣ ሦስቴ ይጠየቃልና ሁለተኛ እጠይቅሻለሁ። ከጠጣሁ በኋላ የሳሙናው ሽታ ሰለቸኝ ብለሽ መጠጡን እንዳታስመልሺኝ። እንቀበል?»

«እንቀበል።»

ሦስተኛውን ሊጠይቅ ሲል ድምፁ ወረደ። «ልጄ፣ ስለ እኔ ብለሽ አይደለም፣ ከጨርቁ ለመሸሽም አይደለም። አንቺ ራስሽ ትፈልጊዋለሽ?»

ሰርዋን እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም። በመስኮቱ ወደ ቅመማው ክፍል ተመለከተች። የዘንባባው ዘይት በትልቁ በርሜል ውስጥ ይንተከተካል፤ አንዱ ሠራተኛ ማማሰያውን ይዞ የሚያማስለው በተሳሳተ ጊዜ ነው። ልታስተካክለው እጇን በላት።

«ኸረ ቶሎ በይ!» አለ ዎፋ ባዱ በሹክሹክታ፣ ሰዓቱን እያየ። «ምነው ዝም አልሽ? ልጅቷ ደጅ ናት!»

«እያሰብኩ ነው ዎፋ። እርስዎ ችኮላ አይወዱም ብዬ።»

ማዳም ዱፊ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እፈልገዋለሁ» አለች ሰርዋ።

«ተመስገን!» አሉ ማዳም ዱፊ። «ደጅ ያለችውን ለማሸጊያ ክፍል እጠይቃታለሁ፤ አጎት ካላት ግን ከአሁኑ ትደውልለት። አንቺ ሰኞ ጠዋት ጀምሪ።»

ዎፋ ባዱ ላቡን ጠረገ፤ ደስ አለው፤ ከደስታው ብዛት የለመደው ቃል ከአፉ ወጣ።

«ሰምተናል። እንግዲህ ልጅቷን እንጠይቃትና…»

ሰርዋ እግሩን ረገጠችው።