ጠፍጣፋው ሚቴን

እህቴ ሰው ማስቀየም አይሆንላትም፤ በሽታዋ ይሄው ነው። የኬሚስትሪ መምህርት ሆና በተቀጠረች ሰሞን የሚቴንን ሞለኪውል ወረቀት ላይ ሥላ፣ አናጢው አባታችን በእንጨት እንዲሠራላት ሰጠችው። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ድቡልቡል፣ ዙሪያውን አራት ትንንሽ። አባዬ ልክ እንደ ሥዕሉ ትልቁን ወገቡ ላይ በአራት በኩል ሰርስሮ ዘንጎቹን ሰካ፤ አለስልሶም ቀባው። ሚቴን ግን ጠፍጣፋ አይደለም። አራቱ ሃይድሮጅኖች እርስ በርስ ስለሚሸሻሹ በየአቅጣጫው ይዘረጋሉ፤ ወረቀት ደግሞ ይህን አያሳይም።

«እንዴት ነው?» ሲላት፣ «እጅህ ይባረክ፣ አባዬ!» አለችው። እሱም ደስ ብሎት ለክፍሉ ሁሉ የሚበቃ ሠራ። እሷ የፕላስቲክ ገዝታ አስተማረች፤ የእሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ዘንድሮ ያ ቁም ሳጥን አልከፈት ብሎ ትምህርት ቤቱ እኔን ጠራኝ። አባዬ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ካልሄድኩ ብሎ ተከተለኝ። እህቴም አጠገባችን ቆማ የቁም ሳጥኑን በር ስከፍተው ሚቴኖቹ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል።

አባዬ አንዱን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ካለው ፕላስቲክ ጎን አስቀመጠው። ፕላስቲኩ በሦስት እግሩ ቆሟል፤ የእሱ ተዘርግቶ ተኛ። ማንም ሳያስረዳው ገባው።

«ጥፋቱ የሥዕሌ ነው፣ አባዬ» አለች እህቴ። «እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«ምነው ያኔ በነገርሽኝ!» አላት፣ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ኪሱ እየከተተ። «ያኔ እጅ ነበረኝ።»