ወይዘሮ ብዙነሽ የተጠየቁ ቀን

ጥላዬ ድምፁን ያወቀው ከመጀመሪያው «ሄሎ» ነው። በአትላንታ ውስጥ «ሄሎ»ን እንዲህ ጎትቶ፣ መጨረሻው ላይ «ደግሞ ማነህ አንተ?» የሚል ጥርጣሬ ጨምሮበት የሚናገር ሌላ ሰው የለም። ወይዘሮ ብዙነሽ ናቸው፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ጥግ ይዘው የሚያስቀድሱት፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ አጣቢ የሆኑት፣ ስለ ምንም ነገር ሐሳባቸውን ሲጠየቁ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው የሚያልፉት ወይዘሮ ብዙነሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። በፈረንጆቹ 1988፣ ጆርጂያ የፕሬዚዳንት ዕጩዎችን የምትመርጥበት ፕራይመሪ ሊደርስ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው፣ አትላንታ ዳር ባለችው ዶራቪል ውስጥ ከአንድ የኮሪያ ግሮሰሪ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ረድፍ ሙሉ ሰው ስልክ ይደውላል። ቁጥሩን የሚመርጠው ኮምፒዩተር ነው። ማን ቤት እንደሚጮኽ ማንም አያውቅም። ደዋዩ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያነባል፣ የተመለሰለትን ያሰፍራል፤ ከራሱ አንድ ቃል መጨመር አይፈቀድለትም። ኃላፊዋ ላቨርን ደግሞ በፈለገችው መስመር ገብታ ታዳምጣለች። ጥላዬን ሁለት ጊዜ አስጠንቅቃዋለች። «ፕሮፌሰር፣ ሰዎቹን አታስተምር፤ ጠይቅ» ትለዋለች።

ፕሮፌሰር ያለችው በፌዝ ነው። ጥላዬ ዋርሶ ድረስ ሄዶ ስታቲስቲክስ ተምሯል። አገሩ ተመልሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ አለቃው ከአውራጃ የመጣ ቁጥር በላጲስ አጥፍቶ ሌላ ሲጽፍበት ዐይኑ እያየ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ቁጥር አያምንም። አንድ ከተማ ውስጥም ብዙ አይቀመጥም፤ ከአትላንታም ለመሄድ ልቡ ተነሥቷል።

ዛሬ ላቨርን የገባችው በእሱ መስመር ላይ ነው።

«ቲም እባላለሁ» አለ በእንግሊዝኛ፤ የስልክ ስሙ ነው። «ስለ ፕራይመሪው የሕዝብ አስተያየት እየሰበሰብን ነው። መልስዎ በምስጢር ይያዛል። ከቤቱ መራጮች ልደቱ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው?» ሁልጊዜ ስልክ የሚያነሣው ሰው ብቻ እንዳይጠየቅ የተበጀ ዘዴ ነው።

«ልደት?» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። «የኔ ጃንዋሪ ዋን።»

«ሌላ መራጭስ?»

«ባሌ። እሱም ጃንዋሪ ዋን።»

ላቨርን ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አየችው። ጥላዬ የስልኩን የድምፅ ማፈኛ ቁልፍ ተጫነና «እየቀለዱ አይደለም» አላት። «በሱዳን በኩል ለተሰደደ የአገሬ ሰው፣ የተወለደበትን ቀን ካላወቀ፣ የሚጻፍለት ጃንዋሪ አንድ ነበር።»

ላቨርን አሰበች። «ለመንታዎች ደንብ አለን። ባልና ሚስቱ መንታ ናቸው እንበል። ስልኩን የያዘችው ትመልስ።»

ከወዲያኛው ጫፍ የባላቸው የአቶ ኃይለማርያም ድምፅ መጣ፤ በአማርኛ ነው። «ማነው?»

«ስለ ምርጫው የሚጠይቅ ፈረንጅ ነው።»

«ዝጊበት።»

«ኧረ ትሑት ሰው ነው።»

«እኔን የሚያስፈራኝ ትሑቱ ነው። ወንድሜን ‹ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ› ብለው አይደል የወሰዱት? በትሕትና ነው የወሰዱት። ጫማውን እስኪያስር እንኳ ጠብቀውታል።»

ጥላዬ የእርሳሱን ጫፍ ወረቀቱ ላይ እንደ ደገነ ቀረ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» የሚለውን ቃል እሱም ያውቀዋል። በሰፈሩ ስንት በር በዚህ ቃል ተንኳኩቷል። አሁን ደግሞ ጠያቂው እሱ ሆኖ ተገኘ፤ «አይዞዎት እማማ፣ እኔ ነኝ» ማለት እየቻለ አይችልም። አንዲት የአማርኛ ቃል ካወጣ መጠይቁ ይጣላል፤ እሱም ኮቱን አንሥቶ ይወጣል። መውጣቱ ግድ አልሰጠውም። የእሳቸው መልስ መጣል ግን ከነከነው።

ጥያቄውን አነበበ። «ፕራይመሪው ዛሬ ቢሆን ለማን ድምፅ ይሰጣሉ?» የዕጩዎቹን ስም በተራ ጠራ።

ከበስተጀርባ የቧንቧ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ በአማርኛ፤ ለራሳቸው ነው።

ከስሞቹ ግርጌ «አስተያየት የለኝም» የሚል አንድ ባዶ ሳጥን አለ። እሷ ላይ ምልክት ቢያደርግ ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል። አቶ ኃይለማርያም ይረጋጋሉ፤ ወይዘሮ ብዙነሽም እንደ ወትሮው ጥጋቸው ላይ ይቀራሉ። እርሳሱን ወደ ሳጥኗ አስጠጋ። ከዚያ በፊት ግን ደንቡ የሚፈቅዳት አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። አውቶቡስ ረዳት ፌርማታ እንደሚጠራ አድርጎ ስንቴ አንብቧታል። አሁን ግን ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል አነበባት።

«ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለም። የምንፈልገው የእርስዎን አስተያየት ብቻ ነው።»

«የኔን? የባሌን አይደለም?»

ሌላ ማለት ስለማይፈቀድለት ያችኑ ደገማት። የምንፈልገው የእርስዎን አስተያየት ብቻ ነው።

«ኃይሌ» አሉ ወደ ውስጥ፣ በአማርኛ። «የኔን ነው እኮ የሚፈልጉት።»

«ያስይዙሻል።»

«ይያዙኛ። ስንቱ መንግሥት ሲወርድና ሲወጣ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? አንድ ቀን ብጠየቅ ልለፈው?»

ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱና የአንዱን ዕጩ ስም ጥርት አድርገው ጠሩ። ማንን እንደ ጠሩ እዚህም አይነገርም፤ ቃል የተገባላቸው እንደዚያ ነው። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ደግሞ ማን ያቁማቸው። በልብስ ማጠቢያው ክፍል ቀኑን ሙሉ በሚለፈልፈው ቴሌቪዥን፣ አንሶላ እያጠፉ፣ ለካ ክረምቱን ዕጩዎቹን አንድ በአንድ ሲመዝኗቸው ከርመዋል።

«ያኛው» አሉ በመጨረሻ ስለ አንደኛው፣ «የጠየቁትን አይመልስም። እኔ እንኳ ይኸው መለስኩ።»

ጥላዬ የመጨረሻውን ቃል አስፍሮ ስልኩን ዘጋ። ላቨርን ወንበሯን እየገፋች መጣች።

«በቋንቋቸው ምን ተባባሉ?»

«ባልየው ያስሩሻል አላት።»

«እናቴም ለመምረጥ ልትመዘገብ ስትሄድ ጠይቀዋታል» አለች ላቨርን። «ጥቁር እንዳይመርጥ፣ እንዳትመልሰው ተብሎ የተዘጋጀ ጥያቄ ነበር።»

«ሴትየዋን አውቃቸዋለሁ» አለ ጥላዬ።

«እሷስ አወቀችህ?»

«አላወቁኝም።»

«እንግዲያው አንተም አታውቃትም። ደውል፣ ፕሮፌሰር።»

ሰኞ ውጤቱ ተደመረ። ጥናቱን ያሠራው የአንዱ ዕጩ ዘመቻ ነው፤ ውጤቱ ለከፋዩ የሚጥም አልነበረም። የድርጅቱ ባለቤት በሩን ሳይዘጋ ስልክ ሲያናግር ጥላዬ ኮቱን እንደ ያዘ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። አሁን ላጲሱ ይወጣል ብሎ ነው። ይህን አይቶ ሊሄድ፣ ሁለተኛም ላይመለስ ነው።

«አልወደድከውም?» አለ ሰውየው በስልኩ። «እኔም አልወደድኩትም። ሰዎቹ ያሉት ግን ይሄን ነው።» ስልኩን ዘጋና ምሳውን መብላት ጀመረ።

ጥላዬ ተአምር ያየ ሰው የሚነግረው ሲያጣ እንደሚሆነው ሆነ። ዋርሶ የተማረው ሒሳብ ሁሉ እውነት ኖሯል ለካ። በዚያ ወረቀት ላይ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ወይዘሮ ብዙነሽ ተቀምጠዋል። በጆርጂያ ከሮዝዌል እስከ ሳቫና በየቤቱ ያለ፣ እሳቸው አይተውት የማያውቁት ስንትና ስንት ሺህ ሰው በእሳቸው አፍ ተናግሯል። ኮቱን መልሶ ሰቀለው።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ ብዙነሽ በደጁ ጠበቁት። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጥላዬ፣ አንተ የተማርክ ነህና ልጠይቅህ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ሰው በስልክ ስለ ምርጫው ጠየቀኝ። መልሶ ይደውላል?»

«ለምን፣ እማማ?»

«ገና አልጨረስኩማ። ስለ መጦሪያው ሠራተኞች አልጠየቀኝም። ትላንት ቀኑን ሙሉ ከስልኩ አጠገብ አልተነሣሁም። ኃይሌንም እንዳያነሣ ብዬዋለሁ።»

አቶ ኃይለማርያም ከጎናቸው ቆመዋል። «ቁጭ ብላ ነው የዋለችው» አሉ፤ ፊታቸው ግን እንደ መኩራት ብሎታል።

ጥላዬ ያ ቁጥር ዳግመኛ እንደማይወጣ ያውቃል። «አይደውልም፣ እማማ» አለ። «ግን እኮ ከነገ ወዲያ ምርጫው ራሱ ነው። ሄደው ይመርጣሉ።»

«እዚያስ የሚጠይቀኝ ማነው?»

«ማንም አይጠይቅዎትም። ብቻዎን ነው የሚገቡት።»

ወይዘሮ ብዙነሽ አሰቡበት። «ጠያቂም የለ?»

«የለም።»

«እኔና መልሴ ብቻ» አሉና፣ ካህን ፊት እንዳሉ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ለብሼ ልሂድ ታዲያ?» ብለው ጠየቁት።