ብቻውን የተመለሰው ፈረስ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቪዲዮ ቤት አለኝ። የፈረንጁን ፊልም ድምፅ ዘግቼ በአማርኛ የማወራውም እኔው ነኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ፊልም ካስጫንኩበት ፍላሽ ጭራሽ ድምፅ የሌለው የጥንት የሽፍታ ፊልም ሲወጣ፣ ሥራ ቀለለልኝ ብዬ ቀድሜ ሳላየው ከፈትኩት።

ፊት ወንበር ላይ አጎቴ አብዱረሂም ተቀምጠዋል። ፊልም ወደው አይደለም፤ ቤት ሲውሉ የምራታቸውን የኑርሃንን ዐይን ይፈራሉ። ልጃቸው ሙጂብ ካቻምና በባጃጁ ሰው ጭኖ በአጣዬ መንገድ ወጣ፤ ባጃጇ ቁልፏ እንደተሰካ መንገድ ዳር ተገኘች፤ እሱ የለም። ሽማግሌዎች አስከሬን ለሌለው የሚሰገደው የሩቅ ጀናዛ ይሰገድለት፣ ኑርሃንም ባል የሞተባት የምትቆየውን ኢዳዋን ጨርሳ የራሷን ኑሮ ትያዝ ቢሏቸው፣ «ላልሞተ ሰው አይሰገድም» ብለው ዘጉ። ኑርሃን ባል የላት፣ መበለት አይደለች። እሳቸው ደግሞ የባጃጅ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይዞራሉ። እኔ ከሙጂብ ጋር አብሬ ያደግሁ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩም። ውስጤ እንደደነዘዘ ቀርቷል።

ፊልሙ ላይ አንድ ወጣት ፈረሱን በእጁ ያበላል፣ ያሻሸዋል። ከዚያ ወርቅ ይዞ በረሃውን ሲያቋርጥ ሽፍቶች ተከተሉት። ቀጥሎ ፈረሱ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ብቻውን መንደር ገባ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ፦ ገደሉት፤ የት እንደጣሉትም አልታወቀም ይላል። አጎቴን አየኋቸው።

«አመለጠ!» አልኩ። «ሌላ አገር ገብቷል፤ ሠርቶ ይመለሳል።»

«ካሚል፣ ታዲያ ይቺ ሚስቱ ለምን ጥቁር ለበሰች?» አለ አንዱ ከኋላ።

«በርዷት ነው።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። አጎቴ አልሳቁም። ፊልሙ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ልጁ ሞቷል አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ አልሞተም አጎቴ፤ ጽሑፉ እንደዚያ አይልም።»

«ጽሑፉን ተወው፤ እኔም ዐይን አለኝ። ፈረሱን እንደዚያ የሚወድ ሰው በደህናው ጥሎት አይሄድም። ሙጂብ ባጃጇን ሳያጥብ ከቤት ወጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ኮፊያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «በል ለኢማሙ ንገራቸው፤ ጁሙዓ ይሰገድለት። ለኑርሃን እኔው እነግራታለሁ።»

ጁሙዓ ዕለት ከጎናቸው ቆሜ ሰገድኩ። ከፊታችን ቃሬዛ የለም። ኢማሙ የሙጂብን ስም ሲጠሩ እንባዬን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። በራሴ አፈርኩ።

ከመስጊድ ወጥተን በአስፋልቱ ዳር ስንሄድ ከኋላችን ባጃጅ መጣ። አጎቴ አልዞሩም።

እኔ ዞርኩ።