ሰው የሌለበት ፊልም

ውብአየሁ ቡራዩ ውስጥ ታፔላ የሚጽፍ ጎረቤቴ ነው። ቀበሮ ገፈርሳ ወርዳ ውሃ ስትጠጣ የሚያሳይ የአራት ደቂቃ ፊልም ለመሥራት ሦስት ሺህ ሥዕል ሣለ፤ ሦስት ዓመት ፈጀበት። በ1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ የፊልም ውድድር አለ ሲባል ሱቄን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ።

«የምን ፊልም ነው?» አለ መዝጋቢው።

«ካርቱን።»

መዝጋቢው ፊደሉን አሳምሮ «ካርቶን» ብሎ ጻፈ።

ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰብሳቢው ዳኛ ራሳቸው እንባቸውን ጠረጉ። አንደኛ የወጣው ግን አንድ ሹም ድልድይ ሲመርቁ የሚያሳየው ፊልም ሆነ። ለውብአየሁ «በካርቶን ሥራ ላሳየው ትጋት» የሚል ወረቀት ሰጡት።

ሰብሳቢውን ደጅ ላይ ጠበቃቸው።

«ጌታዬ፣ የእኔም እኮ ፊልም ነው። አንደኛ ይወጣል ብዬ ነው ያመጣሁት።»

«ለልጆች ደግ ጨዋታ ነው። ግን ማንን እንሸልም? ሰው የለበትም።»

«እኔ አለሁበት።»

«የት ጋ? እኔ አላየሁህም።»

«ሹሙስ ቢሆኑ መቀስ ከመያዝ በቀር ምን ሠሩ?»

ሰብሳቢው ግራ ቀኙን ቃኙ። «ቀስ በል ወዳጄ! ይልቅ ፊልምህ መግቢያ ላይ ያለው ጽሕፈት ያምራል። አዳራሹ ደጅ የሚሰቀለውን የአሸናፊውን ፊልም ታፔላ አንተ ጻፍልን።»

እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ሰኞ ብሩሹን ይዞ ሄደ። የሹሙን ስም በልኩ ጻፈና «ፊልም» የምትለዋን ቃል እስከ ሰሌዳው ጠርዝ አተለቃት። ማክሰኞ ሹሙ ስማቸው አነሰባቸውና ጽሕፈቱን አስጠፉት። ስማቸውን አተልቆ እንደገና የጻፈውም እሱው ነው።