ሽማግሌ ወደ ኒውዚላንድ

እህቴ ራሂማ ኒውዚላንድን ከዳር እስከ ዳር ጎብኝታለች። ይህን ስናገር ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ አብረውኝ የሚሠሩት ይስቃሉ፤ እውነት ነው ግን፣ ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። በሔሊኮፕተር የበረዶ ተራራ ላይ አርፋለች፤ ውኃ ከመሬት እየፈላ የሚወጣበት አገር አይታለች፤ በገደሎች መካከል በነጭ መርከብ አልፋለች። በሁሉም ፎቶ ላይ አንዱን ሕፃን ታቅፋ ሌላውን በእጇ ይዛለች። አንድም ፎቶ ላይ ብቻዋን የለችም።

ራሂማ ከደሴ ወጥታ አረብ አገር ሰው ቤት ከገባች ዓመታት አልፈዋል። ፓስፖርቷን የተቀበሏት በገባች ዕለት ነው። ውሏ ካለቀ ቆየ። "አገሬ ልግባ" ባለች ቁጥር እመቤቲቱ "ኢንሻአላህ፣ ከረመዳን በኋላ" ትላታለች፤ ረመዳኑም ይመጣል፣ ይሄዳል። ያቺን የመሰለች ቃል ለማታለያ ስትውል ማየት ያበሽቀኛል።

ባለፈው ክረምት የአረብ አገሩ ሙቀት ሲበረታባቸው ቤተሰቡ ወደ ኒውዚላንድ ለሽርሽር ሄደ፤ እሷንም ልጅ እንድትይዝ ወሰዷት። ተራ ሽርሽር እንዳይመስላችሁ። የግል መኪና፣ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው የግል አውሮፕላን፣ በየከተማው ሐይቅ ፊት ለፊት የሆነ ሆቴል። እሷ የምትተኛው ልጆቹ አልጋ ሥር ምንጣፍ ላይ ነው። ደሴ ያሉ ጎረቤቶቻችን ፎቶውን እያዩ "ማሻአላህ፣ ልጃችሁ አለፈላት" ይሉናል። ለኛ ቤት ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነበር።

መኪናውን የምትነዳውና አገሩን የምታስጎበኛቸው የዚያው አገር ሴት ናት። ሌሎቹ ምግብ ቤት ገብተው ሲበሉ ራሂማ መኪና ውስጥ ከሕፃኑ ጋር መቅረቷን አይታ ጠየቀቻት። ራሂማም አሥረኛ ክፍል ድረስ በተማረችው እንግሊዝኛ፣ የጎደለውን በእጇ እየሞላች ነገረቻት። ሴትዮዋ እዚያ አገር የሰው ፓስፖርት መያዝ ወንጀል እንደሆነ፣ በመጨረሻዋ ከተማ እንደሷ ያሉትን የሚረዱ ሰዎች እንዳሉ አስረዳቻት። የሚመለሱ ዕለት ጠዋት ሻንጣ ሲጫን ሰዎቹ ሆቴሉ በር ላይ መኪና ይዘው ይጠብቋታል። የሷ ድርሻ ልጆቹን ለእናታቸው ሰጥቶ በበሩ መውጣት ብቻ ነው።

ራሂማ በድምፅ ላከችልኝ። "ሙንየ፣ ፈርቻለሁ። ያባየን ምርቃት ካላገኘሁ ከዚያ በር አልወጣም። ይመርቁኝና ድምፃቸውን ላኪልኝ" አለች። እኛ ቤት ለፈተና እንኳ ሳይመረቅ የወጣ ልጅ የለም። ፈረድኩባት ማለት አልችልም፤ እኔም ብሆን የምለው ያንኑ ነው።

ፈረቃዬን ለጓደኛዬ ለሀኒ ሰጥቼ በሚኒባስ ደሴ ወጣሁ። አባታችን እንድሪስ ሰኞ ገበያ ገመድና ጆንያ ይሸጣሉ። ሱቃቸው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከመነሻው እስከ መድረሻው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ ሌባ ናት እንዴ?" አሉ። "የሰው እንጀራ የበላ ሰው ተሰናብቶ ነው የሚወጣ።"

"ስንቴ ተሰናበተች አባየ። አልለቅም አሏት እኮ።"

"ሴት ልጅ ብቻዋን ስትናገር ማን ይሰማታል። ሽማግሌ አልገባበትም። ሽማግሌ ይግባበት።"

"ሽማግሌ የሚሠራው ነውር ለሚያውቅ ሰው ነው።"

"እስላም አይደለም እንዴ አሠሪዋ? ጀሊሉን የሚፈራ አይደለም?" አሉኝ። ከዚያም "አብሽሪ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ።

ለመንኳቸው። ለማንም እንዳይናገሩ፣ አንድ ቃል ከወጣ እንደምንቀማት፣ መርቀው ብቻ እንዲሰጡኝ። ገመዳቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ኋላ ላይ "መጀመሪያ ልስገድና አስቤ እመርቃታለሁ፣ ነገ ነይ" አሉኝ። በወሎ ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ሽማግሌ ገብቶባቸው ይታረቃሉ፤ አባቴ ዕድሜያቸውን ያዩት ይህንን ነው። ሌላ መንገድ ከየት ያምጡ? ይህን አሁን ነው የምለው። ያን ቀን ግን ተናድጄ ነው የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት።

በማግሥቱ ሥራ ላይ ነበርኩ። ፋብሪካችን ስልካችንን በር ላይ አስረክበን ነው የምንገባው። ስወጣ በቀጥታ ደሴ ወጣሁ። አባቴ ሱቃቸው ውስጥ ከሼህ ሙሄና ከጎረቤታችን ከመሪጌታ ጸጋው ጋር ተቀምጠዋል። ሦስቱም ፊታቸው በርቷል።

"ጨርሰናል" አሉኝ አባቴ።

ራሂማ አንድ ጊዜ በአሠሪዋ ስልክ ደውላልን ነበር፤ ቁጥሩ አባቴ ጋ ቀርቶ ነበር። ሼህ ሙሄ ዐረብኛቸው የኪታብ ነው፤ ጥርት ያለ ነው። ሰውየው ሲያነሳ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ነው ያናገሩት። መሪጌታ ጸጋው ዐረብኛ ባይሰሙም ነጠላቸውን አደግድገው አጠገባቸው ቆመዋል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ አይለምንማ። ሽማግሌ ደግሞ አይዋሽም። ስለዚህ ሁሉንም ነገሩት። ልጅቱ ልትወጣ እንዳሰበች፣ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው በር። እንዲህ ከሚሆን በክብር አሰናብታት፣ ፓስፖርቷን በእጇ ስጣት፣ እኛም እንመርቅሃለን አሉት።

"ምን አለ?" አልኩ።

"እንዴት ያለ የተባረከ ሰው ነው" አሉ ሼህ ሙሄ። "ልጄ ናት አለ። ስለነገራችሁኝ አላህ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ አለ።"

መሪጌታ ጸጋውም "ሽማግሌ አክባሪ ነው" አሉ። ገና ስልኩን ሲዘጉ ሦስቱም ዱአ አድርገው ነበር። አባቴ "በይ አሁን ምርቃቱን ቅጂላት" ብለው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ረጅም ምርቃት መረቁ። እኔም ቀዳሁት፤ ምን ላድርግ። ላክሁት፤ አልደረሳትም። ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። በዚያች ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ያን ሁሉ ባሕር የሚሻገር አንድ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር በእንግሊዝኛ መልእክት ደረሰኝ። ሀኒ አነበበችልኝ። አስጎብኚዋ ናት፤ ራሂማ ቁጥሬን ሰጥታት ኖሯል። ቤተሰቡ ያለ ምንም ምክንያት ሽርሽሩን አቋርጦ ሌላ መኪና ጠርቶ መሄዱን፣ ልጅቱን በመስኮት ብቻ እንዳየቻት፣ ማን እንደነገረባት እንደማታውቅ ጽፋለች። ይቅርታ ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት? እስከ ዛሬ አልመለስኩም።

አባቴ ግን ይጠብቁ ነበር። ገበያተኛው ስለ ራሂማ ሲጠይቃቸው "ሰውየው ቃሉን ሰጥቶናል፣ እየመጣች ነው" ይላሉ። አንድ ከሰዓት ሱቃቸው ውስጥ ሳለሁ የሰውየው ቁጥር ደወለ። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርገው ጆሯቸው ላይ ያዙት።

"አባየ" አለች ራሂማ። ከጎኗ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

"ልጄ! ሰውየው አሰናበተሽ? የት ደረስሽ?"

"ተመልሰናል፣ ቤት ነኝ። አልሐምዱሊላህ።"

"ፓስፖርትሽን ሰጠሽ?"

ሕፃኑ ከሩቅ አለቀሰ።

"አባየ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ምንም ቁጣ በሌለበት ድምፅ፤ "ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳይልኩብኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። አባቴ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አለች?" አሉኝ።

ሰምተዋል እኮ። እኔም እንደሰሙ አውቃለሁ።

"ደህና ነኝ አለች" አልኳቸው።