ወደ ግራ የተጠመዘዘ አኻያ

ቴዎዱል ክራንቹን ከድንጋይ ካቡ አስደግፎ ሦስተኛውን የወይን ግንድ ሲፈትሽ እጁ ቀጥ አለ። ቅርንጫፉን ከሽቦው ጋር ያሰረችው የአኻያ ልምጭ የተጠመዘዘችው ወደ ግራ ነው። አራተኛውም ወደ ግራ። አምስተኛውም።

ዳሌው ተሰብሮ ከየካቲት ጀምሮ ሲዬር ሆስፒታል ነው የከረመው። ወይን ደግሞ በሽተኛ አይጠብቅም፤ በጊዜው ካልተገረዘ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። ዛሬ በግንቦት ሲወጣ ዱር ይጠብቀኛል ብሎ ነበር። ያገኘው ግን የተገረዘ፣ የታሰረ፣ አረሙ የተነቀለ ማሳ ነው። ያውም በዚያ ገደል በሚያክል እርከን ላይ!

"እትዬ!" ሲል ወደ ታች ተጣራ። "ይሄን የሠራው ማነው?"

ታላቅ እህቱ ሴዛሪን መኪናው አጠገብ ቆማ ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። "እኔ ምን አውቄ? ሰው ነዋ።"

"ግራኝ ሰው?"

"ካወቅኸው ምን ታደርቀኛለህ!"

በመንደራቸው ያለው ግራኝ አንድ ነው፤ ፊርሚን፣ የመንደሩ ወይን ጓዳ ጠባቂ። ቴዎዱል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም ብሎት አያውቅም። በዚያ ጓዳ ያለው ትልቅ በርሜል ከቅድመ አያቶች ጀምሮ ባዶ ሆኖ የማያውቅ ነው፤ በየግንቦቱ የጎደለው ሬዝ በሚባለው በሸለቆው በራሱ ወይን ይሞላል። የቴዎዱል አባት ድርሻቸውን ይዘው የመጡ ዕለት ፊርሚን በሩ ላይ እንደ ደንቡ ቀመሰና፣ ሰው ሁሉ እያየ "ይሄስ አይገባም" ብሎ ቦይ ውስጥ ደፋው። አባትየው ያን ጓዳ ዳግመኛ ሳይረግጡ ሞቱ። ልጅየውም አልረገጠም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"'ከነገርሽው መቀሱን እጥለዋለሁ' አለኛ! አሥራ አንድ ቀን መጣ፤ በሰባ አራት ዓመቱ። ምሳ ሳቀርብለት እንኳ 'ዳቦና ዓይቤን ይዣለሁ' ብሎ እምቢ።" ሴዛሪን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ዛሬ ከሰዓት በርሜሉ ይሞላል። የመንደሩን ሬዝ አምና ውርጭ ጨርሶታል፤ ሌላ ወይን ሊጨምሩበት ነው። ፊርሚን እንደ ሐዘንተኛ ተቀምጧል።"

"እኔ ዘንድ የካቻምና ሬዝ እንዳለ አያውቅም?"

"እየገረዘልህ እንዴት አያውቅም? እንዳልጠይቅህ ግን አስማለኝ። 'ለሠራሁበት ላስከፍለው ነው እንዴ?' አለ።"

ቴዎዱል ካቡ ላይ ተቀመጠ። ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበር። ያን ዓመት የአባቱን ዳሚጃን፣ ያን ትልቅ የወይን ጠርሙስ፣ እስከ አፉ እየሞላ መጠበቅ የሱ ሥራ ነበር። ጭፈራ ቤት ለጭፈራ ቤት ሲዞር ረሳው። አየር ገባበትና አቼቶ ሆነ። ጓዳው በር ላይ ሽታውን ከፊርሚን ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው። አፉን ግን አልከፈተም፤ አባቱ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱም አልከፈተም። ከዚያ ወዲህ በፊርሚን መናደድ ቀለለው።

"የኔ ዳሚጃን ሙሉ ነው?" አለ።

"በየሳምንቱ እየደወልክ አላስሞላኸኝም? ስለ ጤናህ እንኳ አታወራም ነበር!"

"እንግዲያው ጫኚው።"

ተራራውን ጠመዝማዛ ለጠመዝማዛ ወጥተው መንደር ሲደርሱ ሰዉ ጓዳው ደጃፍ ተሰብስቧል። ፊርሚን ሲያያቸው ጉንጩ ቀላ። አፉ ድረስ የሞላውን ዳሚጃን አየ፤ የመቅመሻውን የእንጨት ዋንጫ ቶሎ ብሎ ከጀርባው ደበቀ።

"ግቡ፣ ግቡ። ያንተን መቅመስ አያስፈልግም።"

"ግንዶቼን አይቻቸዋለሁ፤ እጅህ ይባረክ" አለ ቴዎዱል።

"የምን ግንድ?"

"ውሸት እንኳ አትችልም፣ አንተ ግራኝ! አስተሳሰርህን የማላውቀው መሰለህ?"

ሰዉ ሳቀ። ቴዎዱል አልሳቀም። ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ። "ያን ዕለት ትክክል ነበርክ። ዳሚጃኑን ሳልሞላ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ ምንም አላጠፉም።"

ፊርሚን ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ቴዎዱል ዋንጫውን ከጀርባው ወሰደበት። ሴዛሪን ዳሚጃኑን አዘነበለችለት፤ ቀዳ።

"ቅመስ። ደንብ ነው። ካልሆነ እዚያው ቦይ ውስጥ ድፋው" አለና ዋንጫውን ግራ እጁ ላይ አኖረለት።