እስኪመሽ እየቀረጽክ አቆያት

እና ብርሃኑ ከግራ ነው የሚመጣው፣ በባሕር ዛፎቹ መሐል ተሰነጣጥቆ፣ እማማ በለጡ ድንጋዩ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ዞር ብለው ቢቀመጡ ግማሽ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ጥሩ ነው፣ ነጅመዲን የሚያስበው ይህን ብቻ ነው፣ ብርሃን፣ ጥላ፣ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል የሚወርደው መንገድ፣ የመንገዱ አቧራ፣ አቧራው ፀሐይ ሲያገኘው ወርቅ ይመስላል፣ ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው፣ ወርቁ አይወጣም። ሣህሌ ሞቷል። ይኼም አለ። ሌላ ሰው አደራ ያስቀመጠው ዕቃ ይመስል አንድ ጥግ ተቀምጧል፣ አይነካውም።

እማማ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይሁኑልኝ። እንዲህ? እንደሱ፣ አሁን መንገዱን ይዩ። ማን ይመጣል ብዬ ልይ? ልጅዎ። እሺ ነጁ ይላሉ፣ መንገዱን ያያሉ፣ ሲያዩ ያምርባቸዋል፣ ትወና አያውቁም፣ መጠበቅ ያውቃሉ፣ የፊልሙን ልጅ የሚሠራውም ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ሣህሌ ነው፣ የእማማ በለጡ የሆዳቸው ልጅ፣ ከነጅመዲን ጋር የካ ሚካኤል አጥር ሥር ኳስ ሲራገጥ ያደገ፣ የሚሠራው። የሚሠራው ነበር። ነበር ነው የሚባለው ከአሁን ወዲህ፣ አንድ ቃል መጨመር ነው፣ ምንም አይከብድም።

ጠዋት የነገሩት ጋሽ ፀሐዬ ናቸው፣ የእድሩ ዳኛ፣ ፎቶ ቤቱን ሊከፍት ሲሄድ ደጁ ላይ ቆመው አገኛቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ባርኔጣ የሚያወልቁት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ብቻ ነው፣ አንድ ቁስለኛ ከሰሜን ተመልሶ አሉ፣ ከሣህሌ ጋር አንድ ምሽግ የነበረ፣ በዓይኑ አይቷል፣ በእጁ አፈር አልብሶታል፣ ማጣራቱንም አጣርተናል። ነጅመዲን ቁልፉን እንደያዘ ነው። ኢንና ሊላሂ ማለት ነበረበት፣ አላለም፣ ያለው፣ እማማ ያውቃሉ? አታውቅም፣ ነገ ማለዳ ትረዳለች፣ ዘመዶቿ ከሰንዳፋ ዛሬ ማታ ይገባሉ፣ ቤቷ ከዋለች ግን ሰው ወጣ ገባ ሲል ትጠረጥራለች፣ አንተ ደግሞ ያ ፊልም አለህ፣ ስትጠራት እምቢ አትልህም፣ ይዘሃት ውጣ፣ እስኪመሽ እየቀረጽክ አቆያት። እየቀረጽኩ? ምን ይደረግ ልጄ፣ ሥራህ አይደል እንዴ። ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ፣ እሱ ፎቶ ቤቱን ከፈተ፣ ካሜራውን አወጣ፣ ዘጋ። በቃ። ይኼው ነው።

እህቱ ሳፊያ አንሶላ ይዛለች። ብርሃን መመለሻ ሌላ የላቸውም፣ ነጭ የአልጋ አንሶላ ነው፣ ፀሐይዋን ተቀብሎ እማማ ፊት ላይ ይደፋዋል፣ ሳፊያ ሁለቱን ጫፍ ይዛ እጇን ዘርግታ ከኋላው ትቆማለች፣ ዛሬ ከወትሮው ከፍ አድርጋዋለች፣ ፊቷ አይታይም፣ አንሶላው ይንቀጠቀጣል። ሳፊያ፣ ዝቅ አርጊው። ሳፊያ፣ ብርሃኑ ሰማይ ላይ እየሄደ ነው እኮ፣ ዝቅ አርጊው በናትሽ። ነፋሱ ነው ትላለች ከአንሶላው ጀርባ በአፍንጫዋ፣ ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም። ጉንፋን ያዛት አይደል ይላሉ እማማ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ ነግሬያት ነበር፣ በዚህ ብርድ ያለ ሹራብ።

እሱስ ለምን አያለቅስም፣ እስኪመጣበት ይጠብቃል፣ አይመጣም፣ ጥርሱን ያስነቀለ ጊዜ እንዲህ ነበር፣ መርፌውን ከወጉት በኋላ ሰውየው ጉልበቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲጎትት መጎተቱ ይሰማው ነበር እንጂ ሕመሙ የለም፣ አንድ የራሱ የሆነ ነገር እየወጣ ነው፣ እሱ ጣሪያ ያያል። ካሜራውን ይጠመዝዛል፣ ጎኑ ላይ ያለውን እጀታ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት፣ ክርር ክርር፣ አንዴ ተጠምዝዞ ብዙ አይሄድም፣ የሰው እንባ ከሱ ጋር መፍጠን አለበት፣ አገር ለቆ ሲሄድ ዕቃውን ከቸበቸበ ግሪክ ፎቶ አንሺ የገዛው ነው፣ ድምፅ አይቀዳም፣ ድምፁ በኋላ ይገባል፣ ሙዚቃውም በኋላ፣ ቆረጣውም በኋላ፣ ይኼ ፊልም ሁሉ ነገሩ በኋላ ነው፣ ጥቅሎቹ እንኳ ሌላ ሰው ሠርቶባቸው የተረፉ ቁርጥራጮች ናቸው፣ አንዳንዱ ጊዜው ያለፈበት፣ ታጥቦ ሲወጣ ጭጋግ ብቻ። አክሽን ይላል። ለምን እንደሚል እንጃ፣ ሣህሌ ይስቅበት ነበር፣ አክሽን ስትል እኮ የካ ውስጥ የተወለድክ አትመስልም ጀለሴ።

ሳቅ ነበር። መጀመሪያ ቀን አብዮት ጥበቃው አስቆማቸው፣ ጠመንጃው ከሱ ይረዝማል፣ ምንድን ነው ጓዶች? ፊልም። የማን ፊልም? የራሳችን። የራሳችን የሚባል ፊልም ደሞ ምንድን ነው፣ ካሜራው ቀበሌ አደረ፣ በማግስቱ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት እንደ ፈንጂ ራቅ ብለው እያዩት፣ ፊልሙ ውስጥ ሰፊው ሕዝብ ይገኛል? አሉ፣ ሣህሌ ብድግ ብሎ፣ ይገኛል ጓድ ሊቀመንበር፣ እናቴ አለች! ሊቀመንበሩ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ሳቃቸው ካመለጣቸው በኋላ ምን ያድርጉ፣ ማኅተሙን መቱት።

እናቱ ደግሞ ያኔ አልነበሩም፣ ለእናትነቱ ሚና ቴአትር የምትሠራ ሴት ነበረች የተያዘችው፣ ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ወርዳ ዳገቱን ቀና ብላ አየች፣ ትንሽ ወጣች፣ የጫማዋ ተረከዝ ተሰበረ፣ በዚያው ቀረች። ሣህሌ ነው እናቴን እንሞክራት ያለው። እማማ በለጡ በመጀመሪያው ቀረጻ ለካሜራው እጅ ነሱ፣ እንደምን ዋላችሁ ብለው፣ ሣህሌ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ አንቺ እናቴ፣ ማንም የለም እኮ እዚያ ውስጥ! ታዲያ ማነው የሚያየኝ አሉ። በሦስተኛው ቀን ግን አለቀሱ፣ እንዲህ ያለቀሱ ጊዜ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሸክማቸውን አወረዱ፣ ብርቄ የምትባለዋ ቀድማ ሮጣ አቀፈቻቸው፣ ማን ሞተብሽ እህቴ፣ ሁሉም ቁጭ ብለው አብረው አለቀሱ፣ ነጅመዲን ሰዎች ተዉ፣ ውጡልኝ፣ ቀረጻ ነው እያለ ይለምናል፣ እጁ ግን ካሜራውን አላቆመም፣ ታጥቦ ሲወጣ ከሁሉ የበለጠው እሱ ሆኖ ተገኘ። ማን ሞተብሽ እህቴ። ድምፅ አይቀዳም ደግነቱ።

ከዚያ የውትድርና አፈሳ። ሣህሌ ለቀረጻ ሲመጣ መገናኛ ላይ ከታክሲ አወረዱት፣ የፊልሙን ካፖርት እንደለበሰ፣ አንድ ትዕይንት ብቻ ቀርቶ፣ ልጁ ቤቱ ተመልሶ በር የሚያንኳኳበት። ፈቃድ ሲያገኝ እንቀርጻታለን ተባለ፣ ሁሉም እንዲያ አለ፣ ሥራው ቆመ፣ የቆመ ፊልም እንደ ቆመ መኪና ነው፣ ሲያልፍ ሲያገድም ልጅ ይጫወትበታል፣ ነጅመዲን ወደ ጉርድ ፎቶው ተመለሰ፣ ቀና በሉ፣ አይዩኝ፣ እዚያ ግድግዳውን ይዩ።

ከት ይላል፣ ካሜራው ይቆማል። ምሳ።

እማማ ምሳ ይዘው ነው የመጡት፣ ሁሌም ይዘው ነው፣ በፍስክ ቀን እንኳ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሥጋ ይዘው መጥተው አያውቁም፣ የኔን ሥጋ አትበሉ የናንተን አልበላ፣ ሽሮ ግን ምን ሃይማኖት አለው ይላሉ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ዘርግተውለት ያጎርሱታል። ብላ፣ ከስተሃል። ይበላል፣ ይገርመዋል፣ ብዙ ይበላል፣ አፉ ውስጥ ጨው የለ በርበሬ የለ፣ እንደ ጥጥ ይውጠዋል። ሳፊያ አልበላም ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ቁልቁል ከተማውን ታያለች። ምን ሆናችሁ ዛሬ፣ ተጣልታችኋል እንዴ? አልተጣላንም እማማ። ሣህሌ ቢኖር ያስታርቃችሁ ነበር። ይኖር ነበር፣ ያስታርቅ ነበር፣ እሱ ጎመኑን ያኝካል።

የመጨረሻው ጥቅል ከምሳ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ጆሮው ነው ያወቀው፣ ሽርርር የሚለው ድምፅ ተለወጠ፣ ቀለለ፣ የፊልሙ ጅራት ውስጥ ለውስጥ ጠፍ ጠፍ አለ። ብርሃን የማያስገባው ጥቁር ከረጢት ውስጥ እጁን ከትቶ አወጣው፣ ጣሳው ውስጥ አደረገው፣ ከደነው፣ ሌላ የሚያስገባው የለም፣ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት፣ እስኪመሽ ብለዋል ጋሽ ፀሐዬ። ካሜራውን ባዶውን ገጠመው። ሳፊያ አየችው፣ እሱም አያት፣ አንሶላውን አነሣች።

እማማ፣ አንዴ ደግሞ። እሺ። እማማ፣ አሁን ደግሞ ቆመው። እሺ። ከዚያ ዛፍ ጋ ሆነው እስቲ፣ ነጠላዎን ይዘው፣ ቀስ ብለው ቁጭ፣ አክሽን፣ ከት፣ እንደገና። ምነው ዛሬ፣ ሌላ ቀን ፊልም ያልቃል እያልክ አታቋርጠኝም ነበር? ዛሬ እንዲያምር ፈልጌ ነው። ይጠመዝዛል፣ ይጫናል፣ ባዶው ማሽን ይሽረከረካል፣ ጥላው ይረዝማል፣ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሌላ ሰው ነው፣ እሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፣ ጣሪያ እያየ።

ከዚያ እማማ በለጡ ያልተባሉትን አደረጉ። የፊልሙ ልጅ ስም ሠረቀብርሃን ነው፣ እሳቸው ግን መንገዱን አይተው አይተው፣ ሣህሌ አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚቆጡ ሁሉ፣ ና ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል እዚያ፣ በሬ ለማን ተዘግቶ ያውቃል፣ የኔን ፊት ፈራኸው? እጃቸውን ዘረጉ፣ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ተከፈተ፣ ቲያትር ቤት የኖሩ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚፈልጉትና የማያገኙት ዓይነት፣ ነጅመዲን በማያዋ ቀዳዳ ያየዋል፣ ርቀቱ ልክ ነው፣ ብርሃኑ ልክ ነው፣ ፊልም የለም። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፣ ሌላ ሰውም አያየውም፣ የተሰማው ይህ ብቻ ነው፣ ርቀቱ ልክ ነው። ከት።

ፀሐይዋ ከዛፎቹ በታች ወረደች። እማማ ልብሳቸውን እያራገፉ መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ነጁ። አቤት እማማ። ያቺ የቀረችው፣ ሣህሌ መጥቶ የሚያንኳኳባት። አዎ። በሩን ስከፍትለት ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? አስቀድመህ ንገረኝ፣ ቤቴ ሆኜ እንድለማመደው፣ ኋላ እንዳላበላሽባችሁ።

ይስቃሉ ማለት ይችላል። አፉን ይከፍታል፣ ይስቃሉ ሊል፣ የወጣው ሌላ ነው፣ ፊልሙ አልቋል እማማ።

አልቋል? አልቋል። ሌላ ይፈለጋላ፣ መቼ አለቀ? ውሸት አጠገቡ ነበረች፣ አሁን ነው ማለት፣ ሁለት ቃል፣ አላነሣትም፣ ምሳ እንደበላን። እማማ በለጡ ድንጋዩን አዩት፣ ዛፉን አዩት፣ ሲቆሙ ሲቀመጡ የዋሉበትን። ታዲያ ምኔን ስታነሣ ነው የዋልከው? ወደ ሳፊያ ዞሩ፣ ሳፊያ አንሶላውን ታጥፋለች፣ አጥፋ የጨረሰችውን ትዘረጋና እንደገና ታጥፋለች፣ አሁን የምትደበቅበት የላትም፣ ፊቷ እንዳለ ነው።

ማነው የላከህ?

ጋሽ ፀሐዬ።

ሌላ ምንም መባል አላስፈለገም፣ ጋሽ ፀሐዬ ለጥሩ ነገር ሰው አይልኩም፣ አገር ያውቃል። እማማ አልጮሁም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ፈልገው ወደ አንገታቸው አዞሩት፣ እንደ ሐዘንተኛ፣ እጃቸው እዚያው ቆመ፣ ቆየ። መቼ ሊያረዱኝ ነው? ነገ ማለዳ። ዘመድ ይመጣል ማለት ነው። ከሰንዳፋ፣ ዛሬ ማታ። ጥለቱን መልሰው ወደ ታች አወረዱት፣ አስተካከሉት፣ ደኅና ቀን እንደሚለበሰው። እንግዲያው እስከ ነገ አልሰማሁም አሉ፣ ድምፃቸው ጠፍጣፋ ነው፣ አንተም አልነገርከኝም፣ አንቺም ዓይንሽን ጥረጊ፣ ሽማግሌዎቹ አይዘኑብኝ፣ የደከሙበት ነው፣ በወጉ ያርዱኝ። ተነሡ።

ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። መንገዱ ላይ ጠጠር ነው፣ ሲረግጡት ይንከባለላል፣ ነጅመዲን እማማን ክንዳቸውን ይዟል፣ በሌላው እጁ ካሜራው አለ፣ ታች ከተማው መብራት ማብራት ጀምሯል፣ እዚህም እዚያም፣ ሳፊያ ከኋላ ናት፣ ምንም አይሰማውም፣ ምንም፣ ነገ ሁለት መቶ ሰው ፊት ምን ይላል፣ ሙስሊሙ ጓደኛው ይሉታል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ወንበር ያመላልሳል፣ እዚህ ጋ ያንሸራትታል ይላሉ እማማ፣ ቀስ፣ እዚህ እርገጥ፣ እሺ ይላል፣ ይረግጣል፣ ጠጠሩ ይከዳዋል፣ ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ይላል፣ አይዞህ ይላሉ፣ በኔ ላይ ተደገፍ፣ አይዞህ፣ ያኔ ነው ክንዱ ላይ የጠነከሩት ጣቶች የማን እንደሆኑ ያወቀው፣ እስካሁን እሱ ደግፏቸው የሚወርድ መስሎት ነበር፣ እሳቸው ናቸው የደገፉት።